እትዬ ብል አይነኬና የጓዳቸው የእሳት እራቶች

እትዬ ብል አይነኬ፣ በልብስ ሰፊነት ይተዳደሩ ከነበሩት አባታቸውና ልብስ በመተኮስ ባላቸውን ያግዙ ከነበሩት እናታቸው፣ ከስፌት ሱቁ ጀርባ ባለች አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ተወለዱ። ለወላጆቻቸው ሁለተኛ ልጅ፣ ከሴቶቹ ግን የመጀመሪያዋ ነበሩ። ወላጆቻቸው ያወጡላቸው ስም በመታወቂያቸው ላይ አለ። ይሁን እንጂ በሰፈርም በሥራ ቦታም የሚታወቁት በቅጽል ስማቸው ስለሆነ፣ እሳቸውም ሲጠሩበት ደስ ይላቸው ስለነበር፣ እዚህም በዚሁ እንጠራቸዋለን።

አድማጮቻችን አስቀድመው ይቅርታ እንዲያደርጉልን እንለምናለን። ገና ከድንጋጤያችን አልወጣንም። ማክሰኞ ጠዋት ቦርሳቸውን አንጠልጥለው በእግራቸው የወጡ ሰው፣ ሐሙስ «ነበሩ» ተብሎ ሲጻፍላቸው እጅ እሺ አይልም። «ናቸው» ብለን ጽፈን መልሰን ያረምንበት ቦታ ብዙ ነው። ያመለጠን ካለ እንደ ስሕተት አይቆጠርብን።

ስማቸው የወጣላቸው በስምንት ዓመታቸው ነው። ታሪኩን ራሳቸው ሲያወሩት ስለኖሩ ከቤተሰቡ የማያውቀው የለም። አንድ ሙሽራ አባታቸው ዘንድ ሱፍ አሰፍቶ፣ ሠርጉ በሐዘን ምክንያት ስለተራዘመበት፣ ሱፉ ከሱቁ ጥግ ተሰቅሎ ከረመ። በሠርጉ ዕለት ጠዋት ሙሽራው ከሚዜው ጋር መጣ። አባታቸው ኮቱን ከመስቀያው አውርደው አንዴ ሲያራግፉት ትከሻው ወንፊት ሆኖ ታየ። ብል በልቶታል። አባታቸው ወሬ የማያልቅባቸው ሰው ነበሩ፤ የዚያን ዕለት ግን አንዲት ቃል ጠፋቻቸው። ሙሽራው ደግ ሰው ስለነበር ኮቱን እንዲያው ለበሰው። ሚዜውም ቀኑን ሙሉ እጁን ከሙሽራው ትከሻ ላይ ሳያነሣ ዋለ። በሠርጉ ፎቶግራፎች ሁሉ ላይ ተቃቅፈው ነው የሚታዩት፤ ምክንያቱን ያላወቀ ሰው ጓደኝነታቸውን ያደንቃል።

እትዬ ግን የአባታቸውን ፊት አልረሱትም። በማግስቱ መድኃኒት ቤት ሄደው ለብል ምን እንደሚሻል ጠየቁ። ናፍታሊን ተሰጣቸው። ነጫጮቹን ድቡልቡል ፍሬዎች ከስፌት በተረፈ ጨርቅ እየቋጠሩ በየኮቱ አንገት ላይ አንጠለጠሉ። አቋጣጠሩ የራሳቸው ነበር፤ ክሩ ዞሮ በመሐሉ ያልፍና የጨርቁ ጫፍ እንደ ጥንቸል ጆሮ ይቆማል። ከዚያ ወዲያ ብል በዚያ ሱቅ ዝር አላለም። አንድ ደንበኛ በቀልድ «ይቺ ልጅ ብል አይነኬ ናት» አሉ። ስሙ በዚያው ጸና።

ትምህርታቸውን እስከ ስምንተኛ ክፍል ተከታትለው የልብስ ቅድና ስፌት ሙያ ተማሩ። በሃያ ዓመታቸው በትያትር ቤቱ አልባሳት ክፍል ተቀጠሩ፤ ጡረታ እስከወጡ ድረስም ከዚያ አልወጡም። ክፍሉ ከመድረኩ ሥር ነው። ግራና ቀኝ የብረት መስቀያ ተደርድሮበታል፤ በመሐሉ ሰው በጎኑ ካልሆነ አያልፍም። በአንዱ በኩል የንጉሥ ካባና የወታደር ካፖርት፣ በሌላው በኩል የሙሽራ ቀሚስና ከዶሮ ላባ የተሠራ የመልአክ ክንፍ ይሰቀላል። ተዋንያኑ በላይ ሲረማመዱ በታች አቧራው ይዘንባል። እትዬ ያንን ሁሉ ልብስ በየተራ ጣሪያ ላይ አውጥተው ፀሐይ ያስመቱት ነበር። ከካባው ጀምሮ እስከ ለማኙ ቡትቶ ድረስ አንገቱ ላይ ቋጠሮ የሌለው ልብስ አልነበረም።

ተዋንያኑ ያማርሩ ነበር። የእኛ ንጉሥ ሲሞት የፊት ወንበር ሁሉ ያነጥሳል ይሏቸው ነበር። አንዲት ተዋናይት በስንብት ትዕይንት ላይ ያቀፈችው ወታደር ካፖርት ዓይኗን አቃጥሎት እንባዋ ዱብ ዱብ ሲል፣ ተመልካቹ ተነሥቶ አጨበጨበላት። ከዚያ ወዲህ የዚያ ካፖርት ናፍታሊን እንዳይቀነስ ራሷ መጥታ ትለምን ነበር።

ባለቤታቸውን ያገኙትም እዚያው ነው። ባለቤታቸው የመርከብ ሞተር መካኒክ ናቸው። የመድረኩን መጋረጃ የሚስበውን ሞተር ሊጠግኑ ተጠርተው ወደ ታች ሲወርዱ ማስነጠስ ያዛቸው። እትዬ መሃረብ ሰጧቸው። መሃረቡም ያው ናፍታሊን ስለነበረበት ይባስ አነጠሱ። ሞተሩ ከተጠገነ በኋላም «እስቲ ደህና መሥራቱን ልየው» እያሉ ብዙ ጊዜ ተመላልሰዋል። በሃያ ስድስት ዓመታቸው ተጋብተው ዛሬ ነርስ የሆነችውን አንዲት ሴት ልጃቸውን ወለዱ። ታናሽ እህታቸው በሞተች ጊዜም ልጇን ወስደው ከልጃቸው ሳይለዩ አሳድገዋል። የመካኒኩ የሥራ ጓደኞች «ባል ናፍጣ፣ ሚስት ናፍታሊን፤ እዚያ ቤት ትኋን እንኳ አያድርም» እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር።

በሰፈራችን ከእትዬ ቋጠሮ ያልደረሰው ቤት የለም። አዲስ ጎረቤት ሲገባ ሌላው ሰው ወንበር ያበድራል፤ እሳቸው ቋጠሮ ይዘው ይሄዱ ነበር። ከሁሉ ይልቅ አጥብቀው የሚያሳስቡት ስለ ጥቁር ልብስ ነው። ጥቁር ልብስ ዘወትር ስለማይለበስ ብል ይወደዋል ይሉ ነበር። ደስታ ቀን ቆርጦ ይመጣል፣ ያሰፉለታል፤ ሐዘን ግን በሩን ሳያንኳኳ ስለሚገባ ልብሱ ተዘጋጅቶ ይጠብቀው ይሉ ነበር። ስለዚህ በሰፈሩ ሳጥን ሁሉ ውስጥ ጥቁር ልብስ አለ፤ በጥቁሩ ልብስ ሁሉ አንገት ላይም የእትዬ ቋጠሮ አለ። ይህን የጻፍነው ለወግ ብቻ አይደለም፤ በኋላ ስለሚያስፈልግ ነው።

መካኒኩ የሚሠሩባት መርከብ ከየብስ እጅግ ርቀው ወደሚገኙ ደሴቶች ነዳጅና ስንቅ ታመላልሳለች። ደሴቶቹ ዛፍ የላቸውም። ነፋስ፣ ድንጋይና ከድንጋዩ ላይ እንደ ትራስ አብጦ የሚበቅል ቅጠል ብቻ ነው ያላቸው። የሚኖርባቸውም የአየር ሁኔታ የሚመዘግቡ ጥቂት ሰዎች ናቸው። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት አንድ የነፍሳት ተመራማሪ በዚያች መርከብ ተጉዘው ነበር። ቤተሰቡ ዶክተሩ ይላቸዋል፤ ዛሬም ከመካከላችን ናቸው። ሲመለሱ እርጥብ ድንጋይ ላይ ተንሸራተው እግራቸው ስለተሰበረ፣ ከወደብ በቀጥታ ሆስፒታል ሲገቡ አንዲት የእንጨት ሣጥን ለመካኒኩ ሰጧቸው። እስክድን ድረስ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ አስቀምጡልኝ፣ የዓመታት ድካሜ ነው፣ አደራ አሏቸው።

መካኒኩ ደክሟቸው ስለነበር ለባለቤታቸው ዝርዝር አልነገሯቸውም። ውድ ዕቃ ነው፣ የሰው አደራ ነው፣ እንዳይበላሽ ብቻ ብለዋቸው ተኙ። እትዬ ውድ ዕቃ እንዳይበላሽ ምን እንደሚደረግ ከልጅነታቸው ያውቃሉ። ሣጥኗን ቁምሳጥን ውስጥ አስገቡ። ክዳኗን ከፈት አድርገው ቋጠሮ አኖሩባት። የሰው አደራ ስለሆነች ደግሞ አንድ አልበቃቸውም፤ ሁለት አደረጉላት።

ዶክተሩ በምርኩዝ መጥተው ሣጥኗን እንግዳ መቀበያው ክፍል ጠረጴዛ ላይ ከፈቱ። ጎንበስ ብለው አሸተቱ። ከዚያ ቋጠሮውን በሁለት ጣታቸው አንሥተው ይህ ምንድን ነው ብለው ጠየቁ። እትዬ ኩራት ቢጤ ተሰምቷቸው «ብል እንዳይገባባት ነዋ» አሉ።

ዶክተሩ ወንበር ስበው ተቀመጡ። ድምፃቸው ቁጣ አልነበረውም።

«እትዬ፣ ውስጧ ያለው እኮ የብል የአጎት ልጅ ነው።»

እትዬ ክው አሉ። የአባታቸው ፊት ዞሮ በእሳቸው ላይ የመጣ መሰለ። መካኒኩ በኋላ በዚህ ነገር ሲቀልዱ፣ ለጅብ ሥጋ አደራ ሰጠሁ፣ ጅቢቱም ሥጋው እንዳይበላሽ ጨው ነሰነሰችበት ይሉ ነበር። ያን ዕለት ግን ማንም አልቀለደም። በሣጥኗ ውስጥ ከነበሩት አባጨጓሬዎች አብዛኞቹ ደርቀው ነበር። ከአንድ ጥግ፣ ከእርጥቡ ቅጠል ሥር የተወሸቁ ጥቂቶች ብቻ ሲነኳቸው ተንቀሳቀሱ።

እትዬ እነዚያን ጥቂቶች እንዲሰጧቸው ዶክተሩን ለመኑ። የገደልኩትን አልመልስም፣ የቀረውን ላሳድግ አሉ። ዶክተሩ እምቢ ሊሉ ነበር። ነገር ግን የሥራ ክፍላቸው ቆርቆሮ ጣሪያ ያለው፣ ቀን ቀን እንደ ምጣድ የሚግል ነበር፤ የእትዬ ጓዳ ደግሞ ፀሐይ የማይነካው የድንጋይ ግድግዳ ስላለው በበጋ እንኳ እጅ ያቀዘቅዛል። ገብተው ግድግዳውን በመዳፋቸው ነክተው አዩና እሺ አሉ። ከዚያ ወዲህ በየቅዳሜው ሳያቋርጡ መጥተዋል። የሚያስፈልገውን ሁሉ ያስተማሩ እሳቸው ናቸው።

በአማርኛ የእሳት እራት ብንላቸውም እነዚህ እሳት አይተው የማያውቁ ናቸው። ከእነዚያ ደሴቶች በስተቀር በምድር ላይ ሌላ አገር የላቸውም። ነፋሱ ከመበርታቱ የተነሣ ረጅም ክንፍ የነበራቸው ወደ ባሕር እየተወሰዱ አልቀው፣ ክንፋቸው ያጠረው ቀሩ፤ ዘራቸውም ከዚያ ወዲያ መብረርን ተወ። ይራመዳሉ፣ አንዳንዴም ይዘላሉ። አባጨጓሬው ያንን እንደ ትራስ የሚያብጥ ቅጠል ብቻ እየበላ፣ ከብርዱ የተነሣ አምስት ዓመት ቀስ ብሎ ያድጋል። ከዚያ ድር ለብሶ ይተኛል። ክንፍ አውጥቶ የሚኖረው አንድ ሳምንት ቢሆን ነው፤ መብያ አፍም የለውም። እትዬ ይህን ሲሰሙ የትያትር ነገር ነው አሉ፤ ልምምዱ ይረዝማል፣ መድረኩ ያጥራል።

ከዚያን ቀን ጀምሮ የቤቱ ሕግ ተለወጠ። እትዬ ከሥራ ሲመለሱ በቀጥታ አይገቡም። በጓሮው በረንዳ ላይ ባለችው በርጩማ ተቀምጠው ጫማቸውን ያወልቃሉ፣ ጋዋናቸውን ሚስማር ላይ ይሰቅላሉ፣ በባልዲው ውሃ ፀጉራቸውን ሳይቀር ይታጠባሉ፣ ሽታ የሌለው የቤት ልብስ ይለብሳሉ። ሌላውንም እንዲሁ ያደርጉት ነበር። ልጃቸው «እማዬ፣ እኔ በሽተኛ ነክቼ ስገባ ዝም ትያለሽ፤ ለትል ግን በብርድ ልብሴን ታስወልቂኛለሽ» ብላ አኩርፋባቸው ታውቃለች። መካኒኩ ከደሴቶቹ በተመለሱ ቁጥር ቅጠሉን ከነሥሩ በቆርቆሮ እየተከሉ ያመጡ ነበር። ሌላው የመርከብ ሰው ለሚስቱ ሽቶ ያመጣል፤ የእኔ እመቤት ሣር ነው የምትወደው ይሉ ነበር።

የመጀመሪያዋ ክንፍ አውጥታ በወጣች ዕለት እትዬ ሰፈሩን ጠሩ። ሰው ልብሱን እየቀየረ በየተራ ጓዳ ገብቶ አየ። አመድ የመሰለች፣ ምስር የምታክል፣ እጥፍ ባለች አጭር ክንፏ ከቅጠሉ ጫፍ ወደ ጫፍ የምትንቆራጠጥ ነገር ናት። ከማዶ ያሉት ዳቦ ሻጯ ጎረቤታቸው ጎንበስ ብለው አይተው ቀና አሉና፣ «ለዚች ነው በረንዳ ላይ ስትራቆቺ የኖርሽው?» አሏቸው። እትዬም «እስቲ አንቺ አምስት ዓመት ብዪና ተኚ፤ ምን ሆነሽ እንደምትወጪ እናያለን» አሏቸው። ሁለቱ ሲተራረቡ ነው የኖሩት። የዳቦ ሻጯ ናፍታሊን ግን አልቆ አያውቅም ነበር፤ እትዬ ሳይነግሯቸው ይለውጡላቸው ነበር። የልብስ ቦታ ልብስ ቤት፣ የነፍስ ቦታ ጓዳ፣ ሁለቱ እንዳይገናኙ ብቻ ነው ይሉ ነበር።

እትዬ ከሦስት ዓመት በፊት በክብር ጡረታ ወጡ። ትያትር ቤቱ ግን አልተዋቸውም፤ አዲስ ትያትር በተዘጋጀ ቁጥር ይደወልላቸዋል፣ እሳቸውም እምቢ ብለው አያውቁም።

ዘንድሮ ከደሴቶቹ ክፉ ወሬ መጣ። አንዲት ዓሣ አጥማጅ ጀልባ ድንጋይ መትታ ተሰብራ፣ ከእሷ የወረዱ አይጦች በደሴቶቹ ላይ ተራብተው ነበር። አይጦቹ አባጨጓሬዎቹን በሉ። ዶክተሩና ጓደኞቻቸው ሄደው ከድንጋይ ድንጋይ እየገለበጡ ቢፈልጉ አንዲት እንኳ አላገኙም። በተመለሱ ጊዜ ቅዳሜን አልጠበቁም። ቤት መጥተው ሳይቀመጡ፣ በቆሙበት፣ በዓለም ላይ የቀሩት በዚህ ጓዳ ያሉት ብቻ ናቸው አሉ። መካኒኩ ሬዲዮኑን አጠፉ። ሁላችንም ወደ ጓዳው በር ነው ያየነው።

መጀመሪያ የተናገሩት እትዬ ናቸው። «እንግዲያው እንግዶች ናቸው እንጂ ልጆቼ አይደሉም» አሉ። «አገራቸው ይመለሳሉ።»

አይጥ ያልደረሰባት፣ የእሳት እራቱ ባይኖርባትም ቅጠሉ ያለባት አንዲት ትንሽ ደሴት ከጎን አለች። የተመከረው እንዲህ ነበር። አሁን በጓዳው ድር ለብሰው የተኙት በዚህ ሳምንት ይወጣሉ፣ ይጋባሉ፣ እንቁላል ይጥላሉ። መርከቧ በሚቀጥለው ወር ስትሄድ እትዬም በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ መርከብ ተሳፍረው እንቁላሉን ይዘው ይሄዳሉ። ለጉዞው ወፍራም ሹራብ ገዝተው ነበር። ናፍታሊን ያላደረጉበት ብቸኛ ሹራባቸው እሱ ነው።

በሕይወት ታሪክ ላይ በዚህ ቦታ ስለ ሕመም ይጻፋል። እኛ የምንጽፈው የለንም። ሕመም አልነበረም። ማክሰኞ ጠዋት ከትያትር ቤቱ ተደውሎ የንጉሡ ካባ አንገት ተቀዷል፣ የሚሰፋው ጠፋ ተባሉ። ሄደው ሰፍተው ከረፋዱ ላይ ተመለሱ። እንደ ልማዳቸው በጓሮ ገብተው በርጩማዋ ላይ ተቀመጡ። ጫማቸውን አወለቁ፣ ጋዋናቸውን ማውለቅ ጀመሩ። መካኒኩ ቅጠሉን ውሃ ሲያጠጡ የባልዲው መገልበጥ ነው የተሰማቸው። ሲደርሱ እትዬ ግድግዳውን ተደግፈው ነበር። አንዱ እጅጌ ወልቋል፣ አንዱ እንደለበሱት ነው። ልጃቸው ከሥራ በሩጫ መጣች፤ የምታውቀውን ሁሉ አደረገች። ሐኪሙ ልባቸው በድንገት ነው የቆመው፣ አልተሰቃዩም ብሏል። ዕድሜያቸው ስልሳ ሦስት ነበር። ያ ጋዋን አሁንም እንዴት እንደሚታጠፍ አልገባንም፤ አንድ እጅጌው እንደተገለበጠ እዚያው በረንዳ ላይ ተቀምጧል።

ከዚህ ቀጥሎ ስለሆነው ነገር ቤተሰቡ ማብራሪያ ሊሰጥ ይገባዋል፤ ብዙ ሰው ቅር ተሰኝቶብናልና።

የዋይታው ድምፅ እንደተሰማ ሰፈሩ ሳጥኑን ከፈተ። እትዬ እንዳሳሰቡት ጥቁር ልብሱ ተዘጋጅቶ ይጠብቅ ነበርና ማንም አልዘገየም። ቀድመው የደረሱት ዳቦ ሻጯ ናቸው። ከበስተኋላቸው መንገዱ ሙሉ ሰው ነበር። ሽታው ከሰዎቹ ቀድሞ ገባ። መካኒኩ ከባለቤታቸው አጠገብ ተነሥተው ሄደው የቤቱን በር በሁለት እጃቸው ያዙ።

«በጥቁር አትግቡ» አሉ። «እህቴ፣ አትግቢ።»

ሊያስረዱ ሞከሩ፤ እንባም ንግግርም እምቢ አላቸው። የደረሰው ሰው ሁሉ ክው ብሎ ቆመ። ሐዘንተኛ አልቃሽ ሲያባርር ያየ የለም። አንዳንዱ ሐዘኑ አእምሯቸውን ነክቷል አለ። አንዳንዱም እንደዚህ ከሆነስ ብሎ ተመለሰ። ከእኛም መካከል ያልተረዳናቸው ነበርን፤ ልጃቸው እንኳ እጃቸውን ከበሩ ልታላቅቅ ታግላለች። ነገሩ የገባን ዶክተሩ ደርሰው ሳያናግሩን ወደ ጓዳው ሮጠው፣ ፎጣ ነክረው ከበሩ ሥር ሲጎዘጉዙ ነው። ድር ለብሰው የተኙት የእሳት እራቶች ከሽታው በአንዲት ሳንቃ ብቻ ነበር የተለዩት። የዓለሙ ሁሉ ድርሻ እዚያ ነበር። ሊያጠፋቸው የመጣውም ሌላ ሳይሆን፣ እትዬ በገዛ እጃቸው በየአንገታችን ያንጠለጠሉት ነገር ነው።

ዳቦ ሻጯ ተቀይመው ቤታቸው ገቡ። ኮታቸውን ሲያወልቁ አንገቱ ላይ ያለው ቋጠሮ እጃቸው ውስጥ ገባ። ጫፉ እንደ ጥንቸል ጆሮ የቆመ ነው። ቋጠሮውን ይዘው አልጋቸው ላይ ቁጭ እንዳሉ ሁሉም ነገር ማንም ሳይነግራቸው እንደገባቸው በኋላ ነግረውናል።

ረቡዕ ጠዋት መንገዱ በሰው ተሞልቶ ሳለ፣ ዳቦ ሻጯ በልጃቸው ሠርግ የለበሱትን ብጫ ቀሚስ ለብሰው ከማዶ መጡ። ሰው ሁሉ እጁን አፉ ላይ ጫነ። በለቅሶ ቤት ብጫ። እሳቸው ግን ግራ ቀኝ ሳያዩ በጓሮ ዞረው፣ በርጩማዋ ላይ ተቀምጠው፣ ከባልዲው ውሃ እጃቸውንና ፀጉራቸውን ታጠቡ። ከዚያ መካኒኩ ፊት ቆሙ።

«ታጥቦ ፀሐይ ላይ ያደረ ነው» ብለው ጀምረው፣ «የዋለ ነው» ብለው አረሙ። «አሁን ልግባ?»

መካኒኩ በሩን ለቀቁ። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ በወግ ያለቀሱት ያኔ ነው፤ ዳቦ ሻጯ ትከሻ ላይ። ከእሳቸው በኋላ ፀጉር አስተካካዩ በኳስ ማልያው መጣ። የትያትር ቤቱ ተዋንያን በየቤት ልብሳቸው መጡ፤ ያቺ በእንባዋ የተጨበጨበላት ተዋናይትም አርጅታ፣ ቀይ ሹራብ ለብሳ፣ ያለ ካፖርቱ እርዳታ አለቀሰች። እስከ ማታ ድረስ ቤታችን እንደ ሠርግ ቤት በቀለም ተሞልቶ ለቅሶ ሲለቀስበት ዋለ። መንገደኛ ቆም ብሎ አይቶን ምን እንደሆንን ሳይገባው አልፏል። እኛም አልገባንም። ዛሬም እንደዚያው ነን።

ይህ ጽሑፍ ወደ ማተሚያ ቤት ከመሄዱ በፊት ዶክተሩ ከጓዳው ወጥተው አንዲት ወጥታለች ብለውናል። ሴት ናት። ከቅጠሉ ጫፍ ደርሳ ቆማለች። ማክሰኞ ዕለት የገባው ሽታ የቀሩትን ይጉዳቸው አይጉዳቸው እስካሁን አይታወቅም። ለዘሩ መቀጠል ቢያንስ አንድ ወንድ መውጣት አለበት፤ የእሷም ጊዜ አንድ ሳምንት ብቻ ነው። እየጠበቅን ነው።

ስለዚህ ቤተሰቡ አንድ ልመና አለው። ማክሰኞ ከበር የተመለሳችሁ ሁሉ ይቅር በሉን። ዛሬ በጥቁር ልብሳችሁ እዚህ ሜዳ ላይ ከጎናችን መቆማችሁን እናመሰግናለን፤ እትዬም ቢያዩት ብል ያልነካው መሆኑን ከሩቅ ይለዩት ነበር። ከቀብር መልስ ግን ወደ ቤት ስትመጡ ልብሳችሁን ቀይሩ። የታጠበ ይሁን እንጂ ቀለሙ ምንም ይሁን። በጓሮ ግቡ። በርጩማዋ በቦታዋ ናት፣ ባልዲው ሞልቷል።

እትዬ ብል አይነኬ ባለቤታቸውን፣ ነርስ ልጃቸውን፣ ታላቅ ወንድማቸውን፣ ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀውን የእህታቸውን ልጅና በትያትር ቤቱ የሚሰቀለውን ልብስ ሁሉ ትተው ሄደዋል። ወፍራሙን ሹራብ በሚቀጥለው ወር ልጃቸው ለብሳው በመርከቧ ትሄዳለች፤ የሚወሰድ እንቁላል ከተገኘ።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን ብል በማይደርስበት ስፍራ እንዲያኖርልን ልንጸልይ ነበር። ጽፈነው ካነበብነው በኋላ ግን ተውነው። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ቀዝቀዝ ባለ፣ ነፋሱ በማይከብድ ስፍራ ያሳርፍልን፤ አጭር ክንፍ ያለውም ሁሉ በእግሩ ተራምዶ እሳቸው ዘንድ ይድረስ።